የውስኪ ብርጭቆ አመራረጥ ትንተና፤ በአዲስ አበባ ሳሎኖችና ግሮሰሪዎች ተተኳሪነት

ውስኪ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ የመስኩ ሊቃውንት ሁሉ ይስማማሉ። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ስኮትላንዳውያን ብርጭቆ የሚመረጠው ለአፍንጫ ነው ይላሉ። የሆሊውድ ፊልም ያሳደገው ትውልድ ደግሞ ለእጅ ነው ባይ ነው፤ መቀመጫው የወፈረ ብርጭቆ ጨብጦ በረዶውን ካላንቀጫቀጨ የጠጣ አይመስለውም። ይህ ጥናት ሁለቱንም ወገኖች በአክብሮት ከሰማ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ብርጭቆ የሚመረጠው ለዓይን፣ ያውም ለሌላ ሰው ዓይን ነው የሚል መላምት ይዞ ተነሥቷል። መላምቱ እንደሚረጋገጥ አጥኚው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያውቅ ነበር፤ ይህም ጥናቱን ከሌሎች የአገራችን ጥናቶች ጋር ያመሳስለዋል።

ርእሰ ጉዳዩ እስካሁን ችላ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በነባሮቹ መጠጦች ረገድ መዝገቡ ተዘግቷል። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ የተቀመጠን ሰው «በምን ላቅርብልዎ?» ብሎ የጠየቀ አሳላፊ በታሪክ አልተሰማም። ቢራም ከነጠርሙሱ መጨለጥ ከተለመደ ወዲህ ከክርክሩ ወጥቷል። ውስኪ ብቻ ዕቃው ሳይወሰንለት ቀረ። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ፣ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሳሎን ውስጥ በልዩ ልዩ ዕቃ ሲቀዳ ይታያል። የትኛው ዕቃ ለማን እንደደረሰ መመዝገብ ነው እንግዲህ የዚህ ጥናት ዓላማ።

ጥናቱ ዓይነታዊ የምርምር ዘዴን ተከትሏል። ናሙናዎቹ የተመረጡት በአመቺ የንሞና ዘዴ ሲሆን፣ አጥኚውን የጋበዘ ቤት ሁሉ ናሙና ሆኗል። መረጃ የተሰበሰበው በቃለ መጠይቅና በምልከታ ነው፤ ምልከታው ተሳትፏዊ ነበር። የጥናቱ ውሱንነትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የተያዙት ማስታወሻዎች በአጥኚው እጅ የተጻፉ ቢሆኑም ሊነበቡ አልቻሉም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ያሉት ደግሞ ይነበባሉ፣ ነገር ግን አብዛኞቹ ለቀድሞ ወዳጆች የተጻፉ ይቅርታዎች ናቸው። የጥናቱን ጠቀሜታ በተመለከተ፣ በወጉ መሠረት «ለፖሊሲ አውጪዎች ግብአት ይሆናል» ተብሎ እዚህ ቦታ ላይ መጻፍ አለበት። ተጽፏል።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝታችን የሚጀምረው ከስኮትላንድ ነው። እዚያ አንድ መጠጥ የስኮትላንድ ውስኪ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየትና ከ40 በመቶ ያላነሰ አልኮል መያዝ እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል። ሕጉ የበርሜሉን ስፋት ሳይቀር ወስኗል፤ ከ700 ሊትር አይበልጥም። ወደ ብርጭቆው ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ስኮቶች ለብዙ ዘመን እጃቸው በገባው ዕቃ ሁሉ ጠጡ። በጥንት ጊዜ ኩዌክ የሚሉት፣ ከእንጨት የሚሠራ፣ ግራና ቀኝ ጆሮ ያለው ዝርግ ጽዋ ነበራቸው። ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበሉ ይጎነጩበታል፤ እስከ ዛሬም ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን አብረው የሚጠጡበት አለ። ጽዋው በሁለት እጅ ስለሚያዝ፣ የሚጠጣው ሰው እስኪጠጣ ድረስ ሌላ ነገር ሊጨብጥ አይችልም። ወገብ ላይ ጩቤ ታጥቆ ግብዣ በሚኬድበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የዘመናዊው ሳይንስ መነሻ እ.ኤ.አ. 2001 ነው (በዚህ ጥናት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሬይመንድ ዴቪድሰን የተባለ የክሪስታል ብርጭቆ ባለ ፋብሪካ ግሌንኬርን የተሰኘውን ብርጭቆ ለገበያ አቀረበ። ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ እግሩ ድፍንና አጭር ነው። መነሻ ያደረገው ስፔኖች የሄሬዝን ሼሪ የሚቀምሱበትን ኮፒታ የሚባል ባለ ቀጭን እግር ብርጭቆ ነበር፤ የስኮትላንድ ውስኪ ቀማሚዎችም ሲያሸቱ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ዴቪድሰን ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ቀማሚዎች ጋር ተማክሮ፣ ቀጭኑን እግር አስወግዶ መጠጥ ቤት የሚችል መቀመጫ ሰጠው። ሥራውም በ2006 የእንግሊዝን ንግሥት የኢንተርፕራይዝ ሽልማት አስገኝቶለታል። አሠራሩ ቀላል ነው። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከውሃ ቀድሞ ይተናል። ሰፊው ሆድ ውስኪውን ዘርጋ አድርጎ ያስተንነዋል፤ ጠባቡ አንገት ተኑን ሰብስቦ አፍንጫ ሥር ያደርሰዋል። አፉ እንደ ጀበና ቁጭ ማድረጊያ በተከፈተ ብርጭቆ ሽታው በየአቅጣጫው ይበተናል፤ አንገቱ ከመጠን በላይ ሲጠብ ደግሞ አልኮሉ ተጠራቅሞ አፍንጫን ይቆነጥጣል።

እዚህ ላይ አጥኚው የአገር ጉዳይ ለማንሣት ይገደዳል። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ የመጠጫ ብርጭቆ አዲስ ግኝት ነው ሲባል ዝም ብሎ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ብርሌ አለን። ግሌንኬርን ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ጠጅ ቤት ውስጥ ተደርድሮ የነበረ ብርሌ። ይህን የቀዳሚነት ክስ በማስረጃ ለማጠናከር ሲባል በብርሌ ውስጥ አንድ ሲንግል ውስኪ ተቀድቶ ተሞክሯል። ውጤቱ ክሱን አላገዘም። አፍንጫ የብርሌው አፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሲንግሉም ሰፊው ወለል ላይ ተንጣልሎ ጠብታ መስሎ ቀረ፤ ወደ አፍ ለማድረስ አንገትን ወደ ኋላ ጥሎ ጣራውን መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ መካከል የጠጅ ቤቱ አሳላፊ ብርሌውን ከአጥኚው እጅ ተቀብላ፣ አንዴ አሽታ፣ ያለ አንዳች ቃል ወደ ጓዳ ወስዳ በፍል ውሃ አጠበችው። ክሱ ለጊዜው ተይዟል።

ስለ ውሃ የተጻፈውም መጠቀስ አለበት። በ2017 ስዊድን ውስጥ በሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ብዮርን ካርልሶንና ራን ፍሪድማን፣ ለውስኪ የጭስ ጣዕም የሚሰጠውን ጓያኮል የተባለ ሞለኪውል በኮምፒውተር ስሌት ተከታተሉት። አልኮሉ እስከ 45 በመቶ ሲሆን ሞለኪውሉ ወደ ፈሳሹ ፊት ይወጣል፤ 59 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን በአልኮል ተከብቦ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ጠንካራ ውስኪ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ መዓዛውን ወደ ላይ ያወጣዋል። ይህ ግኝት በአዲስ አበባ በደስታ የተወሰደ ቢሆንም፣ አንድ ሲንግል ላይ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ የሚደፉ ወገኖች ጥናቱን እንደ ምስክር ሲጠቅሱ መሰማታቸው አግባብ አይደለም። የስዊድኖቹ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ማቅጠን ነው፤ ስለ መስኖ አይደለም።

ቅኝቱን ከማጠቃለላችን በፊት፣ በ2015 ባለንታይንስ የተባለው የስኮትላንድ ውስኪ ያሠራውን የጠፈር ብርጭቆ ማንሣት ግድ ነው። ክብደት በሌለበት ውስኪ ብርጭቆ ውስጥ አይቀመጥም፤ ተንሳፍፎ ይወጣል። ስለዚህ ፈሳሹ ከሥር የብረት ሳህን ላይ እየተጣበቀ፣ በጎኑ በተቦረቦሩ ቀጫጭን ቦዮች ሽቅብ ወደ ከንፈር እንዲሳብ ተደርጎ ተሠራ። ሙከራው የተካሄደው በጀርመን በብሬመን ከተማ ባለው የመጣያ ማማ ነው፤ እዚያ ከላይ የተለቀቀ ዕቃ ለ4.7 ሰከንድ ያህል ክብደት አልባ ሆኖ ይወድቃል። ከግሮሰሪ ወጥቶ ደረጃ የሳተ ሰው ተመሳሳይ ውጤት ያለ ማማ ያገኛል፤ ነገር ግን ብርጭቆው ለዚያ ተብሎ አልተሠራም።

ወደ ዋናው ትንተና እንግባ። የአዲስ አበባ ሳሎን ቡፌ አለው። ቡፌ ማለት ማንም የማይጠቀምባቸውን ዕቃዎች ሁሉም ሰው እንዲያያቸው የሚያስችል፣ በሩ መስተዋት የሆነ ቁም ሣጥን ነው። በውስጡ የልጆች የምረቃ ፎቶ፣ ከዱባይ የመጣ የቡና ስኒ፣ ያልተከፈተ ብላክ ሌብል፣ ከጠርሙሱ ፊት ደግሞ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ስድስት ፍሬ ብርጭቆዎች ይኖራሉ። ብርጭቆዎቹ ለሠርግ የተሰጡ ወይም ከመርካቶ የተገዙ ሲሆኑ፣ ከሥራቸው ዳንቴል ተነጥፎላቸዋል። ቁልፉ እመቤቲቱ ዘንድ ነው። ባለቤቷ ቁልፉ የት እንዳለ ያውቃል ተብሎ ይገመታል፤ ሆኖም አንድም ጊዜ አግኝቶት አያውቅም።

እንግዳ መጥቶ ውስኪ ሊቀዳ ሲል የሚካሄደው ንግግር በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እንደ ዋና መረጃ እዚህ ሙሉውን ሰፍሯል።

«እስቲ ብርጭቆ አምጪልን።»

«የትኛውን?»

«ያንን።»

«ያንን?»

«እ... እሱን እንኳ ተዪው። ያኛውን።»

ይህ ሁሉ የሚባለው እንግዳው ፊት ነው። እንግዳው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመላእክት ሥዕል በጥሞና ይመለከታል፤ ነገር ግን ምንም አላመለጠውም። ቡፌው ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ከተሰማ ተከብሯል። ድምፁ ከወጥ ቤት መደርደሪያ በኩል ከመጣ ደግሞ ደረጃውን ያውቃል። የወርቅ ጠርዝ ብርጭቆ የሚወጣው ለአማት፣ ለአለቃ፣ ከአሜሪካ ለመጣ ዘመድና ገንዘብ ሊበደሩት ለታሰበ ሰው ነው። ውስኪውን ይዞ የመጣው ራሱ ዘመዱ መሆኑ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ገዝቶት በሻንጣ ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ ማምጣቱ ደግሞ ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። ጎረቤት በወጥ ቤት ብርጭቆ ይጠጣል። የቤቱ ጌታ እንግዳ በሌለበት ለብቻው ሲጠጣ የሚጠቀምበት ዕቃ ምን እንደሆነ አጥኚው ደጋግሞ ቢጠይቅም፣ ቁልፍ መረጃ አቀባዮች ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም። አንዷ ብቻ «የጠርሙሱ ክዳን» ብላለች፤ ባለቤቷ ግን ይህ ከጥናቱ እንዲወጣ ጠይቋል።

ብርጭቆ ራሱ የሥራ ዕድገት ታሪክ አለው፤ አቅጣጫው ግን ወደ ታች ነው። ከስድስቱ አንዱ ተሰብሮ አምስት ሲቀሩ ሙሉው ቡድን ቡፌ ውስጥ የመቀመጥ መብቱን ያጣል፤ አምስት ብርጭቆ ደርድሮ እንግዳ መጥራት የስድስተኛውን ሞት ማወጅ ነውና። አምስቱ ወደ ወጥ ቤት ይወርዳሉ። በየጊዜው ሲታጠቡ ወርቁ እየለቀቀ ይሄድና ጠርዙ ላይ እንደ ሰነፍ ተማሪ መስመር እየተቆራረጠ ይቀራል። ከዚያ ለልጆች ውሃ ይሰጣሉ። ሁለት ሲቀሩ አንዱ የምስር መስፈሪያ ይሆናል፤ በስተመጨረሻ የቀረው የጥርስ ብሩሽ ይይዛል። አንድ ጥንቁቅ ተመልካች መታጠቢያ ቤት ገብቶ የብሩሽ መያዣውን ቢያይ፣ ባልና ሚስቱ የተጋቡበትን ዘመን በግምት መናገር ይችላል። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ብሂል የቤት እመቤትን ቁጠባ ሳያውቅ በወንድ የተነገረ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም የመረጃ ምንጮች እጅግ የበለጸገው ግን የሻይ ብርጭቆ ሆኖ ተገኝቷል። ውስኪ ያለ በረዶ ሲቀዳ ቀለሙ ከቀይ ሻይ አይለይም። የስኮትላንድ ሕግ ቀለሙን ለማስተካከል ካራሜል እንዲጨመር ይፈቅዳል፤ ሕግ አውጪዎቹ ይህን ሲያደርጉ የአዲስ አበባን ክርስትና ድግሶች አስበው ነው ባይባልም፣ ውጤቱ ግን እንዳሰቡት ያህል ሆኗል። በሻይ ብርጭቆ የሚጠጣው ሰው ብዙ ጊዜ መጠጥ መተዉን በይፋ ያስታወቀ የቤተ ዘመድ አባል ነው። ብርጭቆው ከሥሩ ማስቀመጫ ሳህን ይኖረዋል፤ ባለሙያ የሆነ ደግሞ ማንኪያም ይጨምራል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሻዩ አይጨስም። ሁለተኛ፣ ሻይ ጠጥቶ ፊቱን የሚያጨማትር የለም።

አጥኚው በታዘበው አንድ ክርስትና ላይ እንዲህ ያለ ሻይ የያዙ ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ የነፍስ አባታቸው ድንገት መጡ። ባርከው፣ መስቀል አሳልመው፣ አጠገባቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ አረፈ።

«ሻዩ ቀዘቀዘብህ እኮ ልጄ።»

«ቀዝቃዛ ነው የምወደው አባ።»

«ስኳርም አላደረግህበት።» አባ የስኳር ዕቃውን አንሥተው አቀረቡላቸው።

ጋሼ ስኳሩን አዩ፤ አባን አዩ። ከዚያ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ተኝቶ የወጣ ብላክ ሌብል ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረው፣ ማንኪያው ብርጭቆውን እየመታ እስኪሰማ ድረስ አማሰሉት። አባ ጋሼ እስኪጠጡ ጠበቁ። ጋሼ ጠጡ፤ ፊታቸውም አልተንቀሳቀሰም። ይህን መቆጣጠር የሚችል ሰው ምን ዓይነት ብርጭቆ ይሻለዋል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ካህኑ የተናገሩት ነገር የለም፤ ሊሄዱ ሲነሡ ግን «ከዚያ ሻይ ለእኔም ትንሽ ካለ» ብለው በር ላይ መቆማቸውን ሁለት ምስክሮች አረጋግጠዋል። አንደኛው ምስክር ሲያክል «ጾም እንኳ ቢሆን ምን አለው? እህልና ውሃ ነው» ብሏል። ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው።

ግሮሰሪ ሲደረስ ነገሩ ያጥራል። ግሮሰሪ ውስጥ ምርጫ የለም፤ ብርጭቆው አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ፣ ወፍራምና ብዙ ያየ። መቀመጫው የወፈረበት ምክንያት ግን ጥናት ይገባዋል። ከውጪ ሲታይ ብርጭቆው ትልቅ ነው፤ ከውስጥ ግን ግማሹ መስተዋት ስለሆነ ሲንግሉ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጠጪው ደብል ያዘዘ ይመስላል፤ ባለቤቱም ሲንግል ሸጧል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። በእንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት አንድ ሲንግል 25 ወይም 35 ሚሊ ሊትር እንዲሆን በሕግ ተወስኗል፤ የትኛውን እንደመረጠ ቤቱ መለጠፍ አለበት። እኛ ዘንድ መጠኑን የሚወስኑት የአስተናጋጁ የእጅ አንጓና ከደንበኛው ጋር ያለው ትውውቅ ናቸው። በረዶ ሲጨመር ደግሞ የፈሳሹ ከፍታ በአርኪሜዲስ ሕግ ከፍ ይላል፤ ቅዝቃዜው ትነቱን ስለሚቀንስ መዓዛውም አብሮ ይጠፋል። መዓዛው ቢሸሸግ የሚሻልባቸው ውስኪዎች ከተማ ውስጥ ስለመኖራቸው መረጃ አለ፤ እነዚያን ያለ በረዶ በግሌንኬርን ማሽተት ጀግንነት ነው። ነገሩ በግሮሰሪ መዘጋቱ ያስገርማል እንዳይባል ደግሞ፣ ስሙ ብላክ ሌብል ላይ የሚነበበው ጆን ዎከር ራሱ በ1820 ኪልማርኖክ ከተማ ላይ የከፈተው ግሮሰሪ ነበር። ልጁ አሌክሳንደር በ1860 ጠርሙሱን አራት ማዕዘን ያደረገውም ሲጫን እንዳይሰበርና ሣጥን ውስጥ ብዙ እንዲገባ ነው። እሱ ያሰበው ስለ ጭነት ነው እንጂ ስለ አፍንጫ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም፤ እሱም የማስቀዳት ሥርዓት ነው። የትኛውም ብርጭቆ ይቅረብ፣ ተቀጂው መዳፉን በብርጭቆው አፍ ላይ ዘርግቶ «ኧረ በቃኝ፣ ኧረ ይበቃል» ማለት አለበት። ቀጂው «በሞቴ» ይላል። መዳፉ አይነሣም፤ ጣቶቹ ግን ቀስ በቀስ ይከፈታሉ። ሁለተኛው «በሞቴ» ሲመጣ በጣቶቹ መካከል ጠርሙስ የሚያሳልፍ ቦታ ተገኝቷል። እንግዲህ የብርጭቆው አፍ ስፋት የሚለካው በዚህ ነው። ግሌንኬርን አፉ ከመዳፍ ስለሚያንስ ጣት የሚከፈትበት ቦታ የለውም፤ እምቢ ያለ ሰው እምቢ እንዳለ ይቀራል። ይህ ብርጭቆ ያን የመሰለ ሽልማት አግኝቶ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ያልገባው በሌላ ምክንያት ነው የሚል ካለ አጥኚው ለመስማት ዝግጁ ነው።

በይሁንታው ክፍል አጥኚው ብዙ አይመክርም። እመቤቶች የቡፌውን ቁልፍ እንዲያላሉ መጠየቅ የማይሠራ ምክር ስለሆነ ተትቷል። ለብቻው የሚጠጣ ሰው ግሌንኬርን ቢገዛ አይጸጸትም፤ የሚያየው የለምና አፍንጫውን ማስቀደም ይችላል። በሰው ፊት የሚጠጣ የተሰጠውን ይያዝ።

ለቀጣይ ጥናት የሚተላለፈው የባዶው ጠርሙስ ጉዳይ ነው። ብርጭቆው ሲያረጅ ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ግን ባዶ ሲሆን ዋጋ ያወጣል። አጥኚው ይህን የታዘበው «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር የሚዞረውን ወጣት ጠርቶ፣ ለጥናቱ የዋሉትን ጠርሙሶች ባስረከበበት ማለዳ ነው። ወጣቱ የቢራውንና የለስላሳውን በግዴለሽነት ከረጢት ውስጥ ወረወረ። የብላክ ሌብሉን ግን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መለያው እንዳልተፋቀ አገላብጦ አየ።

«ለአረቄ ነው የሚገዙት?» ተብሎ ተጠየቀ።

«ለእሱም ነው ጋሼ» አለ። «ክዳኑ አለ?»

ክዳኑ ተሰጠው። ግጥም ማለቱን ሞክሮ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ለብቻው አስቀመጠ።

«ካርቶኑስ? ከነካርቶኑ ከሆነ እጨምራለሁ።»